ኮርቻ መግራት

ሰውየው በሌሊት ልብሱ፣ ከረጢት ሙሉ ዱቄት በጀርባው አዝሎ፣ ብስክሌት ላይ ተቀምጧል። ብስክሌቱ የትም አይሄድም። የፊት ጎማው ከወለቀ ስንት ዘመኑ ነው፤ ሹካው ጡብ ላይ ተደግፏል፣ ኋላው ከቁም ሣጥኑ እግር ጋር በገመድ ተጠፍሯል፣ በአንድ ጎኑ አልጋ በሌላው ግድግዳ አለ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ አቀበት እንደያዘ ሰው ትንፋሹን እየቆጠበ፣ ቀስ እያለ ይረግጣል። በረገጠ ቁጥር ከሥሩ አንድ ነገር ሲጥ ይላል፤ ገና ያልለሰለሰ ቆዳ ድምፅ ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ ይህንን ያየችው ልጁ ናት። ቁርስ ደርሷል ልትለው ነበር የመጣችው። በሩን እንደነበረ መልሳ ወደ ወጥ ቤት ሄደችና የሚንተከተከውን ሻይ ከእሳት ሳታወርድ እያየችው ቆመች።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። ልጅቷ ይባል እንጂ ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል፤ ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ቤት ከእሱ ጋር ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ ነጭ ጋውን ለብሳ ባንኮኒ ኋላ ቆማ የሰዉን ስኳርና ደም ግፊት፣ የሰዉን አባት መርሳትና መቃዠት ስታዳምጥ ስለምትውል የእርጅናን ምልክት ከሩቅ የምታውቅ ይመስላታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ምልክቱ ቤቷ ገብቷል። ከሥራ ስትመለስ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቶ ታገኛለች፤ ጠዋት የተወችው ዳቦ የአንድ ሽማግሌ ሆድ በማይችለው መጠን ጎድሎ ይጠብቃታል። የበሩ እጀታ ላይ ጥቁር ግራሶ። ትርፉ ቁልፍ የት ገባ ስትለው «እኔ እንጃ» ይላል። ከሥር የሚኖሩት ሴትዮ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ቀን ቀን ብቻቸውን ይስቃሉ» አሏት። አሁን ደግሞ ዱቄት አዝሎ ብስክሌት መንዳት መጣ።

አባቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ከደጅ ደጅ በብስክሌት እየዞረ የኖረ ሰው ነውና ከሁለቱ ባቶቹ ውሻ ያልቀመሰው የትኛው እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ግን ቃሉ እንደ ወጣ ይቀራል። እናታቸው የሞተች ጊዜ የፋርማሲስቷ ታናሽ ወንድም ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ሩቅ ከተማ ሄዶ ነበርና ለቀብሩ አልደረሰም። አባትየው ለቅሶ በመጣው ሰው ፊት «እኔ ወንድ ልጅ የለኝም» አለ። ልጁ በማግሥቱ ደርሶ ይህንኑ ሰማ፤ «እንግዲያው እኔም አባት የለኝም» ብሎ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወጣ። ይኸው ዓመታት አለፉ።

ወንድሟ ሚጢጢ ይባላል። ስሙ የወጣለት ቀኑ ሳይደርስ ስለተወለደ ነው፤ ኋላ ግን በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ሆኖ ሲያድግ ስሙን የሚነጥቀው አልተገኘም። በእሱና በአባቱ መካከል የቆመችው እሷ ናት። ሰላም በይልኝ ሳትባል ሰላም ትላለች። ሚጢጢ በስልክ «ሽማግሌው አሁንም ይነጫነጫል?» ያለውን ለአባቷ ስታደርሰው «ጤናህን ጠብቅ ብሎሃል» ይሆናል። አባቷ መስኮቱን እያየ ዝም ያለውን ለሚጢጢ ስታደርሰው «ናፍቆሃል መሰለኝ፣ ስምህን ሳነሣ ዓይኑ ይቀላል» ይሆናል። ይህን ውሸት አትለውም። ዘይት ነው የምትለው፤ ሁለት የዛጉ ብረቶች መካከል ጠብ የሚደረግ ዘይት። ባለፈው ወር «አባዬ እየጃጀ ነው» ብላ ስልክ ላይ ስታለቅስለት ሚጢጢ «እንዴት?» አለ። ብርጭቆውን፣ ዳቦውን፣ ብቻውን መሣቁን ነገረችው። «ውይ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ልቡ ተነክቷል ብላ ደስ አላት።

አባቷ ለቁርስ ሲወጣ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ነበር። ዱቄቱ ግን አንገቱ ሥር ቀርቷል።

«አንገትህ ላይ ዱቄት አለ» አለችው።

በመዳፉ ጠረገው። «ኮርቻ እየገራሁ ነው» አለ፣ በቅሎ እየገራሁ ነው እንደሚል ሰው።

«የምን ኮርቻ?»

«የብስክሌት ነዋ። አዲስ የቆዳ ኮርቻ እንደ ጣውላ ነው። ሰው ካልከበደበት አይለሰልስም።»

«አንተ ሰው አይደለህም እንዴ? ዱቄቱ ለምንድነው?»

«እኔማ ቀለልኩ» አለና ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነከረ።

 ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። የጃጀ ሰው እንዲህ በእርጋታ ዳቦ ይነክራል ወይ አለች በሆዷ። እሱ ግን ሻዩን ጨርሶ፣ «ዛሬ አትገቢም እንዴ?» ሲል ጠየቃት። የዕረፍት ቀኗ ተቀይሮ ዛሬ መሆኑን ስትነግረው እንግዳ የመጣበት ሰው ፊት ሆነ። ብርጭቆውን ወዲህ ወዲያ አደረገ። በመጨረሻ ጫማ ልገዛ እወጣለሁ አለ፤ ጠንካራ ጫማ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ዝናብ የማያስገባ። ኮርቻና ከስክስ ጫማ። ሁለቱን ደመረቻቸው፤ ይህ ሰውዬ የሆነ ቦታ ሊሄድ ነው። ደንበኛዋ የሆኑ አንዲት ሴት ባላቸው አንድ ማለዳ በነጠላ ጫማ ወጥተው ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ከተማ እንደተገኙ የነገሯት ትዝ አላት። «አብሬህ እሄዳለሁ» አለችና እንቢ ሳይላት ቦርሳዋን አነሣች።

መንገድ ላይ ቀድሟት ነው የሚሄደው። የትኛው አውቶቡስ እንደሆነ አልጠየቀም፤ የት እንደሚወርዱ አልተሳሳተም፤ ጫማ ወደሚሸጥበት ሰፈር በሚያስገባው አቋራጭ፣ በሥጋ ቤቱና በፎቶ ቤቱ መካከል፣ ሲገባ እሷ ነበረች የጠፋችው። ይህ መንገድ መቼ ተከፈተ? አባቷ ከገበያና ከመጸለያው በቀር የትም የማይሄድ ሰው ነው ብላ ነበር። ልትጠይቀው አፏን ትከፍትና የሚመጣው መልስ ሌላ ዱቄት ቢሆንስ ብላ ትዘጋዋለች።

መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ትልቅ ነው፤ መስተዋት በመስተዋት ሆኖ አዲስ ማጣበቂያ ይሸታል። አባቷ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ቡት ጫማ አንድ በአንድ እያነሣ ሶሉን አጠፈ፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈተገ፣ ተረከዙን በጣቱ አንኳኳ፣ አፍንጫውን ከትቶ አሸተተ። ሻጩ ማስቲካውን እያኘከ ሲታዘበው ቆየ። በመጨረሻ አንዱን መርጦ፣ «አርባ አራት አምጣልኝ» አለው።

«አባዬ፣ ያንተ አርባ አንድ ነው» አለች።

«እግር ያብጣል።»

«ሦስት ቁጥር?»

«ካልሲ አለ» አለና ፊቱን አዞረ።

አርባ አራቱ መጣ። አባቷ አልለካውም። ዞር ዞር ብሎ ሲያይ በር ላይ የቆመውን የሱቁን ዘበኛ አገኘ፤ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ የደንብ ልብሱ እጅጌ ከክንዱ በላይ የቀረበት ሰው ነው። «ወንድሜ፣ እግርህ ስንት ቁጥር ነው?» አለው። «አርባ አራት፣ አባት።» «እስቲ ባክህ ለካልኝ።» ዘበኛው ወዲያና ወዲህ አይቶ፣ ግራ እንደተጋባ፣ ተጎንብሶ አሮጌ ጫማውን አወለቀ፤ ሶሉ በሽቦ የታሰረ ነበር። አዲሱን ሲያስገባ ፊቱ ተለወጠ። አንድ ሁለት ጊዜ ተራመደ፣ በተረከዙ ወለሉን መታ፣ ጣቶቹን ውስጥ አንቀሳቀሰ፤ ማንም ሳያስገድደው እስከ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። «እንዴት ነው?» አለ አባቷ። «እንዲህ ያለ ጫማ ይዞህ ይሄዳል እንጂ አንተ ይዘኸው አትሄድም» አለ ዘበኛው፣ እየሣቀ።

ባለሱቁ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ብድግ አለ። «ሸቀጥ ልትለካ ነው እንዴ በር ላይ ያቆምንህ?»

«እኔ ነኝ የለመንኩት» አለ አባቷ።

«ጋሼ፣ የሚገዙት እርስዎ ከሆኑ እርስዎ ይለኩት። የእሱ እግር የገባበትን ጫማ ነገ ማን ይገዛኛል?»

ዘበኛው ተቀምጦ ሲፈታ ጣቶቹ ክሩ ላይ ተጠላለፉ። ፋርማሲስቷ ፊቷን የት እንደምታደርግ ጠፋት፤ መደርደሪያውን አየች፣ መብራቱን አየች። አባቷ ጫማውን ከዘበኛው እጅ ተቀብሎ፣ በጥንቃቄ ካርቶኑ ውስጥ አጋድሞ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «እኔ እገዛው ነበር» አለው ባለሱቁን፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። በሩ ጋ ሲደርስ የዘበኛውን እጅ ጨበጠና በጆሮው፣ «ጣትህ ጋ አልጠበበህም?» ሲል ጠየቀው። ዘበኛውም ዓይኑን ወደ ውስጥ ጥሎ፣ «ትንሽ ሰፋ ይላል። በካልሲ ልክ ነው» አለ። ሁለቱም ቁም ነገር እንደተለዋወጡ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ውጭ ቆማ አየችው። አሁን ዝም ማለት አልቻለችም። ለማን ነው የምትገዛው ልትል አፏ ላይ ሲደርስ እሱ መንገዱን ተሻግሮ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ወደተወሸቀች ጠባብ ሱቅ እየገባ ነበር። ሱቂቱ ግማሽዋ መሸጫ ግማሽዋ ማደሻ ናት፤ ጣሪያዋ ላይ ጫማ በክሩ ተንጠልጥሏል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው መዶሻውን ጥሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተነሣ።

«ጋሼ! ያልኩዎትን አስቀምጫለሁ፤ አንድ ቁጥር ጨምሬ። ባለፈው የለካነው አውራ ጣቱን ይዞት ነበር።» ከባንኮኒው ሥር ቡናማ ቡት አወጣ፤ ቆዳው ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ። «ልጅዎስ? ያ ረጅሙ? ዛሬ አልመጣም?»

አባቷ ሳል ያዘው። ባለ ጫማው ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎ ባለቤቱ ነዎት?»

«የማን?» አለች።

«የልጃቸው፣ የሚጢጢ ነዋ።» ስሙን ሲጠራ እየሣቀ ነበር። «እንዲያ ያለ ግንድ ሚጢጢ ብሎ መጥራት፣ እነሱ እንጂ ሌላ ሰው አያስበውም።»

«እህቱ ነኝ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖባት ነበር።

«እንዲያ ነው እንዴ! መልካችሁ አንድ ነው። ምነው ታዲያ አንድ ቀን አብራችሁ አትመጡም? ሁለቱ እዚህ የገቡ ቀን ይቺ ሱቅ ሣቅ በሣቅ ናት።»

አባቷ አልተከራከረም። ዋጋው የጡረታውን እኩሌታ የሚገምስ ነበር፤ ሽንኩርት ላይ እንኳ ሳይከራከር የማይገዛ ሰው የተባለውን ከፍሎ፣ ካርቶኑን በገመድ አሳስሮ፣ ለእሷ ሰጣት። እሷም ተቀበለች። ለምን እንደተቀበለች አታውቅም፤ የተሰጣትን ከመሸከም ሌላ የምታደርገው አልመጣላትም።

አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ካርቶኑ ጭኗ ላይ ነው። አንድ አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጥቶ ሄደ፤ ሁለቱም አልተነሡም። ከጎናቸው አንዲት ሴት ልጇን ጫማህን አትጎትት እያለች ትቆጣለች። በመጨረሻ ፋርማሲስቷ መንገዱን እያየች፣ «መቼ ታረቃችሁ?» አለች።

«አልታረቅንም» አለ አባቷ። ትንሽ አስቦ፣ «እንዲያው እንነጋገራለን እንጂ» ሲል ጨመረ።

ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። ዝናቡ ሳይገባ ነው። አሮጌ ብስክሌቱን የሚገዛው ሰው ቢያገኝ ብሎ ብስክሌት አዳሹ ጋ ሄዶ ነበር። እዚያ አንድ ግዙፍ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ጎማ ያስነፋል፤ ከኋላው ትልቅ የዕቃ ሣጥን የተጫነበት ብስክሌት ነው። አባቷ መጀመሪያ ያየው ሰውየውን አይደለም፣ ብስክሌቱን ነው። «ኮርቻህ ዝቅ ብሏል፣ ጉልበትህን ትጨርሳለህ» አለው። ሰውየው ዞረ። ሚጢጢ ነበር። «አውቃለሁ» አለ ሚጢጢ። «ካወቅህ ለምን አታስተካክለውም?» አለ አባቱ። «መፍቻ የለኝማ» አለ ልጁ። መፍቻውን ከአዳሹ ተቀብሎ አባትየው ራሱ ከፍ አደረገለት። ያን ቀን ሌላ አልተነጋገሩም። በሳምንቱ ግን አባቷ ምክንያት ፈጥሮ እዚያው ሄደ፤ ሚጢጢም ምክንያት ፈጥሮ እዚያው መጣ። ሚጢጢ ይሠራበት የነበረው ቢሮ ተዘግቷል። በብስክሌት ዕቃ ያመላልሳል፣ ከጠዋት እስከ ማታ። የፕላስቲኩ መቀመጫ ቆዳውን ልጦት፣ የሚቀመጥበት ጠፍቶት፣ ምሳውን ቆሞ ይበላል። ጫማውም የቢሮ ጫማ ነው፤ ውሃ ያስገባል። የቆዳ ኮርቻ ልግዛልህ ቢለው፣ እሱን እስክገራው እሞታለሁ አለ። ስለዚህ አባትየው እኔ ልግራልህ አለው።

ፋርማሲስቷ ስታዳምጥ ወራቱ በጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ተገለበጠ ኪስ ተዘረገፉ። ሁለቱ ብርጭቆ። ዳቦው። ግራሶው። ሚጢጢ ስልክ ሲያነሣ «ቢሮ ነኝ» ሲላት ከኋላው የመኪና ጡሩምባ ይሰማት ነበር፤ መስኮቱን ከፍቶ ነው ብላ ነበር። ትናንት ማታ እንኳ «ሚጢጢ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ሊጠይቅህ ፈልጎ ነበር» ብላ ለአባቷ ነግራዋለች፤ ምናልባት ያን ቀን ከሰዓት ሁለቱ በእሷ ወንበር ላይ ተቀምጠው የእሷን ዳቦ በልተዋል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱ አትንገራት አለ። ሥራ የለኝም ካልኳት እንቅልፍ ታጣለች አለ። ለዚህ ነው ዛሬም መጀመሪያ ትልቁ ሱቅ የገባሁት።» አባቷ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «እኔ ደግሞ… ከእሱ ሰላምታ ስታመጪልኝ ፊትሽ ይበራ ነበር። ምን ብዬ ልንጠቅሽ?»

«እንደፈጠርኩት ታውቅ ነበር?»

«አንድ ቀን ጤናህን ጠብቅ ብሎሃል ብለሽኝ፣ በማግሥቱ እንዲህ ብለሃል እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ከየት አመጣችው አለ። እኔንም ናፍቆሃል ብላኛለች አለኝ። ሣቅን።» ፊቷን ሲያይ ፈጠን ብሎ፣ «በክፉ አይደለም» አለ።

በክፉ እንዳልሆነ ታውቃለች። ይህን ማወቋ ነው የባሰው። ቢቆጡባት ትቆጣ ነበር፤ ቢጣሉ ታስታርቅ ነበር፤ እየሣቁባት በሰላም ከኖሩ ግን ምን ይደረጋል? ደግሞም ሌላ ነገር ነበረ። የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት በሌላ ከተማ አዲስ ሊከፍት ነው፤ አንቺ ሄደሽ ምሪው ብሏት ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል በዕድሜዋ ሁለተኛ አይመጣም። አባቴን የምተውለት ሰው የለኝም ብላ ባለፈው ሳምንት መለሰችለት። ለሚጢጢ በስልክ ስትነግረው «እስቲ አትቸኩዪ» ብሎ ነበር፤ እሷም «አንተ ምን አለብህ፣ አንተ አባት የለህም» ብላ ጆሮው ላይ ዘግታበታለች። ያኔ ሊነግራት ይሆን? ወይስ ዝም ሊላት? ማንን ትውቀስ? እሷም ብትሆን ለአባቷ ስለ ሥራው ትንፍሽ አላለችም።

«ስለ አዲሱ መድኃኒት ቤት ከሚጢጢ ሰምቻለሁ» አለ አባቷ፣ በሐሳቧ ውስጥ እንደቆመ ሁሉ። «ሂጂ ብልሽ ያባረርኩሽ ይመስልሻል። ቅሪ ብልሽ ያሰርኩሽ እኔ ነኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ።» አውቶቡሱ ብቅ ሲል ተነሣና ልብሱን አራገፈ። «ያስያዝሽልኝን የሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ ግን አልሄድም። አልጃጀሁም።»

ቤት ሲደርሱ ወደየክፍላቸው ገቡ። እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምትሰፋውን ጋውን አንሥታ አስቀመጠች፣ አንሥታ አስቀመጠች። ከወዲያ ክፍል ኮርቻውን በጨርቅ የሚቀባ የአባቷ እጅ ይሰማል፤ ሹክ፣ ሹክ። ፀሐይ ከመስኮቱ ስትሸሽ በሩ ላይ ቁልፍ ዞረ። ሰው አላንኳኳም፤ ቁልፍ ነው የዞረው። የጠፋው ቁልፍ መሆኑ ነው። ተነሥታ ወደ ሳሎን ወጣች። ሚጢጢ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ፣ የደረቀ ጭቃ ያጠለቀ ሱሪውን እያራገፈ ሲገባ ሳሎኑ መካከል አያት። ቀጥ አለ። ከስቷል፤ ፊቱ ፀሐይ ጠጥቷል። አባትየው ኮርቻውን በእጁ እንደያዘ ከክፍሉ ወጣ፤ እሱም ቆመ።

ማንም ማንንም አላየም። ሦስቱ ሰዎች በአንድ ክፍል ሲገናኙ ከእናትየው ሞት ወዲህ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አባቷ ወደ እሷ ዞረ።

«ሻይ ይጠጣ እንደሆነ ጠይቂው» አለ።

ሚጢጢ በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። እሱም ወደ እሷ ዞሮ፣ «ጠጥቻለሁ በይው» አለ።

«ጠጥቻለሁ ይላል» አለች፤ ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው።

«ጫማው ተገዝቷል በይው።»

«ጫማው ተገዝቷል ይልሃል።»

«እሺ… እግዜር ይስጥልኝ በይው እትዬ» አለ ሚጢጢ፣ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አንገቱን ደፍቶ።

 ካርቶኑን ከጠረጴዛው አንሥታ ወንድሟ እጅ ላይ አኖረች፤ ያን ጊዜ ጣቶቹ ሻካራ መሆናቸውን አየች፣ የቢሮ ሰው ጣት አልነበሩም። «ስኳር አልቋል፣ ገዝቼ ልምጣ» አለች። ስኳሩ አላለቀም፤ ጣሳው ሙሉ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ሦስቱም እያዩት ነበር። ማንም አልከለከላትም። በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣች፣ ሁለት ደረጃ ወርዳም ቆመች።

 ከበሩ ወዲያ ሚጢጢ፣ «ነገርካት?» አለ።

«ባለ ጫማው ነው ያጋለጠን።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። ካርቶኑን ተሸከመችልኝ።» ቀጥሎም፣ «ብትጮህ ይሻለኝ ነበር» አለ አባቷ።

የካርቶን ገመድ ሲበጠስ፣ ወፍራም ሶል ወለል ሲመታ ተሰማ። ጠበበህ? አልጠበበኝም። እስቲ ተራመድ። ሚጢጢ ተራመደ፤ ቤቱ ተነቃነቀ። ድምፃቸው እንደ ሞቀ ቅቤ ቀስ በቀስ እየተፍታታ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ እየነጠቀ መጣ። ወንድሟ እንዲህ ይናገር እንደነበር ረስታ ነበር። አባቷ እንዲህ ይናገር እንደነበርማ ፈጽሞ አታውቅም።

«ይህ ኮርቻ እኮ ያንተን ቂጥ ቅርፅ ይዟል» አለ ሚጢጢ። «እኔ የት ልቀመጥ?»

«እንግዲህ ቻለው። ሌላ የማወርስህ የለኝም።»

ሣቁ በበሩ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ሞላው። ሴትዮዋ ከሥር በራቸውን ከፍተው ቀና አሉ፤ እሷን ሲያዩ ግራ ገብቷቸው መልሰው ዘጉ። ፋርማሲስቷ ግድግዳውን ተደገፈች። አፏ ፈገግ ብሏል፣ ዓይኗ ደግሞ ያነባል፤ አንዱ ሌላውን አያውቀውም። ገብታ ብትቀመጥ ሁለቱ እንደገና ዲዳ ይሆናሉ፣ ሻይ ጠይቂው፣ ጠጥቻለሁ በይው ይመጣል። የሚናገሩት እሷ ከበሩ ወዲህ ስትሆን ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ለዚህ ነበር የደከመችው፤ ይኸው ደረሰ፤ ታዲያ ለምንድነው ቤቷን የተቀማች የሚመስላት?

ስልኳን አወጣች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወዲያው አነሣው።

«ያ ቦታ» አለች፣ «ሰው ተገኘለት?»

«ገና ነው፤ ሁለት ሰው እያየሁ ነው። ምነው?»

«እኔ ብሄድስ?»

 «አባቴን የምተውለት ሰው የለኝም ብለሽኝ አልነበር? እኔ ነገ ቃሌን ሰጥቼ ከነገ ወዲያ ሐሳቤን ቀየርኩ እንዳትዪኝ።»

ወደ በሩ ዞር አለች። ወዲያ ማዶ አባቷ ስለ ጫማው ክር አንድ ነገር ያስረዳል፣ ወንድሟ አይደለም ይላል፤ ይከራከራሉ።

«ሰው አለው» አለች።

«መቼ አገኘሽለት?»

«እኔ አላገኘሁለትም» አለች።  ሰውየው እንግዲያው ነገ ቢሮዬ ነይ፣ እንነጋገር ብሎ ዘጋ። እሷ ስልኩን በእጇ እንደያዘች፣ ወደ ሱቅ ትውረድ ወደ ቤት ትግባ ሳትቆርጥ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።